የሐበሻ ዶሮን በመልኩ መለየት

የሐበሻ ዶሮ አንድ መልክ የለውም። እግራቸው ታስሮ ከቦሩ ሜዳ ወደ ደሴ ገበያ የሚወርዱት ዶሮዎች ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዥግርማ፣ ቆቅማ ናቸው፤ ከአንዲት ታቃፊ ዶሮ ሥር የተፈለፈሉ ጫጩቶች እንኳ ሲያድጉ በመልክ ይለያያሉ። ገዢ በመልክ ይጠይቃል፣ ሻጭም በመልክ ይመልሳል። ክብደታቸው እኩል ሆኖ ሳለ ለበዓል የሚፈለገው ቀይ አውራ ከጥቁሩ ይወደዳል። ነጩን ጭልፊት ከሩቅ ስለሚያየው ዶሮውን ሜዳ ላይ ለቆ የሚውል አርቢ ብዙም አይመርጠውም። ለውቃቢው የሚያርድ ሰውማ የታዘዘለትን መልክ ካላገኘ ባዶ እጁን ይመለሳል እንጂ በሌላ አይለውጥም።

እነዚህ ስሞች ዓይን ያየውን በትክክል ይናገራሉ። ስለ ዘር ግን የሚናገሩት በጣም ጥቂት ነው፤ ብዙ ስሕተት የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የዶሮ ዝርያዎች በአርቢዎች ማኅበር መዝገብ ሰፍረዋል፤ የአሜሪካው ማኅበር የመጀመሪያ መለኪያ መጽሐፉን ያወጣው በ1874 እ.ኤ.አ. ሲሆን ለየዝርያው የሚፈቀደው የላባ መልክ በዝርዝር ተጽፏል። እዚያ አገር መልክ የዝርያ ምስክር ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ግን አውራው በመንደሩ እንደ ልቡ ስለሚዞር በመልክ የተለየ ዝርያ አልተፈጠረም። ተመራማሪዎችም የአገሩን ዶሮ ሆሮ፣ ጃርሶ፣ ቴፒ፣ ጥሊሊ እያሉ የሚጠሩት በተገኘበት ቦታ እንጂ በላባው አይደለም። ሐሊማ ሐሰን በ2007 እ.ኤ.አ. ባጠናቀቁት ጥናት በሰሜን ምዕራብ አማራ ሰባት የዶሮ ስብስቦችን ሲመረምሩ፣ ነጭ፣ ገብስማና ቀይ ከሌላው በዝተው ቢገኙም በሁሉም ቦታ መልኩ የተደባለቀ ነበር።

የመልኩ ብዛት ሲታይ የቀለሙ ዓይነትም ብዙ ይመስላል፤ የዶሮ ላባ ግን ዋና ቀለሞቹ ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው ዩሜላኒን የሚባለው ጥቁር ቀለም፣ ሁለተኛው ፊዮሜላኒን የሚባለው ከቢጫ እስከ ደማቅ ቀይ የሚደርስ ቀለም ነው። ነጭ ማለት ሁለቱም የሌሉበት ላባ ነው። በጥቁር አውራ ጅራት ላይ የሚያብለጨልጨው አረንጓዴም ራሱን የቻለ ቀለም አይደለም፤ ብርሃን በላባው አሠራር ላይ ሲያርፍ የሚሰጠው ነጸብራቅ ነው። ስለዚህ አንድን ዶሮ በመልክ ለመለየት የሚጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ጥቁሩ የት አለ፣ ቀዩ የት አለ፣ የትኛውስ ጠፍቷል?

ከዚህ ጥያቄ በፊት ግን ጾታና ዕድሜ ይቀድማሉ። የዱር አባታቸውን መልክ በያዙ ዶሮዎች ወንዱና ሴቷ ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ወንዱ ደረቱና ጅራቱ ጥቁር፣ አንገቱና ወገቡ ወርቃማ ቀይ ነው፤ ገበያው ቀይ አውራ ይለዋል። ሴቷ ጀርባዋ ቡናማ ሆኖ በደቃቅ ጥቁር ነቁጥ የተረጨ፣ ደረቷ ደግሞ ፈዘዝ ያለ ቀይ ነው፤ እንደ ቆቅ ስለምትመስል ቆቅማ ትባላለች። ስማቸው ይለያይ እንጂ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የላባውን ልዩነት ያመጣው ጾታቸው ነው። ቀይ አውራ ከቆቅማ ጋር ሲገናኝ ቀይ ወንዶችና ቆቅማ ሴቶች መፈልፈላቸው አርቢውን ሊያስደንቀው አይገባም።

የጫጩት መልክም ብዙ ያታልላል። ጀርባው ላይ ከራሱ እስከ ጅራቱ ቡናማ ሰንበር የተዘረጋበት ጫጩት ሲያድግ ሰንበሩ ይጠፋል፤ ወንድ ከሆነ ቀይ፣ ሴት ከሆነች ቆቅማ ይሆናል። ሆዱና የክንፉ ጫፍ ነጭ የሆነ ጥቁር ጫጩት ደግሞ ለብዙ ሰው ዥግርማ የሚሆን ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሆኖ ያድጋል። ወንዱ እውነተኛ መልኩን የሚይዘው የአንገቱና የወገቡ ሹል ላባዎች ሲወጡ ነው፤ ይህም ወራት ይፈጃል። ከዚያ በፊት በመልክ የሚደረግ ምርጫ ግምት ነው።

ከነጠላ መልኮች ጥቁሩ ለመለየት ይቀልላል። ጥቁሩን ቀለም በመላ ሰውነቱ ላይ የሚያሰፋ ዘረ መል አለው፤ ይህ ዘረ መል አሸናፊ በመሆኑ ከጥቁርና ከቆቅማ የሚወለዱት ወደ ጥቁር ያደላሉ። ሆኖም ሲያድጉ በወንዶቹ አንገትና ትከሻ ላይ ወርቃማ ላባ ብቅ ይላል። ደረቱ ላይ ወርቃማ የወጣበትን ጥቁር አውራ ልብወርቅ የሚሉት አሉ።

ነጩ ከጥቁሩ ይልቅ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ነጭ መሆን በተለያየ መንገድ ይመጣል። አንደኛው አሸናፊ የሆነው ነጭ ሲሆን ሥራው በዋናነት ጥቁሩን ቀለም ማጥፋት ነው፤ ቀዩን ብዙ አይነካውም። ሁለተኛው ተሸናፊው ነጭ ሁለቱንም ቀለም ያጠፋል፤ ከአባትም ከእናትም ካልተወረሰ ግን አይታይም። ነጭ ዶሮ ሲመረመር ትከሻውን፣ ደረቱንና የክንፉን ሥር ማየት ይጠቅማል። ቀይ ወይም ቢጫ ጥላ ካለ፣ ወይም እዚህም እዚያም ጥቁር ነጠብጣብ ጣል ጣል ካለበት፣ አሸናፊውን ነጭ ይዟል ማለት ይቻላል። ነጠብጣቡ በተለይ ዘረ መሉ ከአንድ ወላጅ ብቻ እንደተወረሰ ይጠቁማል። እንዲህ ያሉ ሁለት ነጮች ሲገናኙ ከአራት ጫጩት አንዱ ባለ ቀለም ሆኖ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ጎረቤት በአውራው መታማቱ በየመንደሩ የተለመደ ነው።

ወሰራ የሚባለው ነጭና ቀይ የተቀላቀለበት መልክ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከሚገኝባቸው መንገዶች አንዱ፣ አሸናፊው ነጭ በቀይ አውራ መልክ ላይ ሲደረብ ነው፦ ጥቁር መሆን የነበረበት ደረትና ጅራት ነጭ ይሆናል፣ ቀዩ አንገትና ትከሻ እንዳለ ይቀራል። ወሰራን ሲያዩ ነጩን ጥቁር አድርጎ በሐሳብ መሳል ይቻላል፤ የሚመጣው ሥዕል የተለመደው ቀይ አውራ ከሆነ ምስጢሩ ተፈትቷል።

ቀዩም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም፤ ገንዘብ የሚያስወጣው ስሕተት የሚሠራውም በዚህ መልክ ነው። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አገር ከገቡት የፈረንጅ ዶሮዎች አንዱ ሮድ አይላንድ ሬድ ነው፤ በኮምቦልቻ የሚገኘው የዶሮ ብዜት ማዕከልም ለአካባቢው አርሶ አደር ካከፋፈላቸው ዝርያዎች አንዱ ይኸው ነው። ስለዚህ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ቀይ ዶሮ ሁሉ ሮድ አይላንድ ተብሎ ሊሸጥ ይችላል። ልዩነቱን ማየት ግን አይከብድም። ሮድ አይላንዱ መላ ሰውነቱ ወጥ የሆነ ጥቁር ቀይ ነው፤ ጥቁር የሚታየው በጅራቱና በክንፉ ላይ ነው። ቅልጥሙ ቢጫ፣ ጀርባው እንደ ጠረጴዛ ዝርግ ነው። የአገሩ ቀይ አንገቱ ከሌላው አካሉ ይፈካል፣ ደረቱም ብዙ ጊዜ ጥቁር ነው። ለበለጠ ማረጋገጫ የጀርባውን ላባ በትንፋሽ ከፈት አድርጎ ሥሩን ማየት ነው፦ የንጹሑ ሮድ አይላንድ የውስጥ ጉርድ ላባ ቀይ ሲሆን፣ የአገሩ ቀይ አውራ ግን አመድ የመሰለ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ይህን መመርመሪያ የሚያውቅ ነጋዴ ጥቂት ነው፤ የሚያውቀውም አይናገርም።

ከሁሉ ይልቅ ሰፊ ትኩረት የሚሻው ገብስማ ነው። በጥቁርና በነጭ መካከል ያለ ሽበት የመሰለ መልክ ሁሉ በገበያ ገብስማ ይባላል። ከዚህ አንድ ስም ሥር ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ለመለየትም ዶሮውን ከሩቅ ማየት አይበቃም፣ አንድ ላባ ከጎኑ ነቅሎ ብርሃን ላይ መያዝ ያስፈልጋል።

በላባው ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እየተፈራረቀ ከጫፍ እስከ ሥር ከወረደ፣ አንገቱም ደረቱም ጅራቱም እንዲሁ ከሆነ፣ ይህ ሽንትር ገብስማ ሊባል የሚችለው ነው። ላባው ሲያድግ ቀለም ሰጪዎቹ ሕዋሳት ጥቂት ሠርተው ያልቃሉ፣ ሌሎች ይተኩና እንደገና ይጀምራሉ፤ መስመሩ የዚህ መፈራረቅ ውጤት ነው። ዘረ መሉ ጾታን በሚወስነው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። በዶሮ ደግሞ ነገሩ ከሰው በተቃራኒ ነው፦ ሁለት አንድ ዓይነት የጾታ ክሮሞዞም ያለው ወንዱ ሲሆን ሴቷ ከዚያ ዓይነት ያላት አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አውራው የሽንትሩን ዘረ መል ሁለት ጊዜ ሊይዝ ይችላል፤ ሲይዝም ነጩ መስመር ይሰፋና ከሴቷ ይልቅ የፈካ ይሆናል። በአንድ ግቢ ውስጥ ፈካ ያለው ገብስማ አውራና ጠቆር ያለችው ገብስማ ቄብ የአንድ ዘር ልጆች መሆናቸው በዚህ ይገለጻል። በደቡብ አፍሪካ ተዳቅሎ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ኮይኮይክ የዚህ መልክ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሚገርመው ወላጆቹ ጥቁሩ አውስትራሎርፕና ነጩ ሌግሆርን መሆናቸው ነው። ሽንትሩ በነጩ ሌግሆርን ውስጥ ነበረ፤ ነጩ ስለ ሸፈነው አልታየም።

መስመር እያለበት ራሱና አንገቱ ጥርት ያለ ብርማ ነጭ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ይህ ከግብፁ ፋዩም የመጣው የፋዩሚ መልክ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከቦታው ነው። ፋዩሚ ትንሽ፣ ፈጣን፣ ቅልጥሙ ጠቆር ያለ ዶሮ ሲሆን፣ መስመሩ ከጾታ ክሮሞዞም ጋር አይያያዝም። ኮይኮይክና ፋዩሚ ከሩቅ ቢመሳሰሉም አንገታቸውን አይቶ መለየት ይቻላል።

ሦስተኛው ገብስማ መስመር የለውም። አካሉ ጥቁር ሆኖ የአንገቱና የወገቡ ላባ ብቻ ብርማ ጠርዝ አለው፤ ከሩቅ ሲታይ የሸበተ ይመስላል። አራተኛው ደግሞ ምንም ምልክት የሌለው፣ ወጥ ሆኖ አመድ የመሰለ ነው፤ አመድማ ቢባል ይሻላል። ይህ ጥቁሩ ቀለም በመሳሳቱ የሚፈጠር መልክ ነው።

ዥግርማ ከገብስማ ጋር መቀላቀል የለበትም። የዥግርማ ነጭ በመስመር የሚሄድ ሳይሆን በየላባው ጫፍ ላይ እንደ ነጠብጣብ የሚያርፍ ነው፤ እንደ ዥግራ ወፍ። ሌላ መለያ ጠባይም አለው፦ ዶሮው ላባውን በቀየረ ቁጥር ነጩ ይጨምራል። በአንድ ዓመቱ ጥቂት ነጠብጣብ የነበረበት በሦስት ዓመቱ ቡራቡሬ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ባለቤቱ ዶሮዬ ተለወጠ ቢል አይፈረድበትም።

አንድ መልክ ከተለያየ ምንጭ መምጣቱ በዶሮ ብቻ የሚታይ አይደለም። በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የሚገኘውና ሰዎች በቤታቸው የሚያረቡት መርዝ አልባው ኮርን ስኔክ የሚባል እባብ በተፈጥሮው ብርቱካንማ ሆኖ በጥቁር የተከበበ ቀይ ምልክት አለው። ጥቁሩን ቀለም ያጣው ዓይኑ ቀይ፣ አካሉ ብርቱካንማና ነጭ ይሆናል፤ ቀዩን ያጣው ግራጫና ጥቁር ይሆናል። ሁለቱ ሲጋቡ የሚፈለፈሉት ሁሉ እንደ ዱሩ እባብ ባለ ሙሉ ቀለም ናቸው፤ እነዚህ እርስ በርሳቸው ሲጋቡ ግን ከ16 አንዱ ሁለቱንም ቀለም አጥቶ ነጭ ይሆናል። አርቢዎቹ ለየመልኩ የንግድ ስም አውጥተው በውድ ይሸጡታል፤ በመልክ ብቻ የገዛ ሰው ግን የሚቀጥለው ትውልድ ምን እንደሚሆን ሊያውቅ አይችልም። የገብስማ ገዢም ችግር ይኸው ነው።

ከላባው ሌላ በገበያ የሚታዩ ምልክቶች አሉ። አናት ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ነጠላ ወይም ድርብ ይባላል። ነጠላው እንደ መጋዝ የቆመ ነው። ድርብ የሚባለው ግን የተለያዩ ቅርጾችን ያጠቃልላል፤ ከእነዚህ አንዱ ሦስት ዝቅተኛ ረድፍ ያለው የአተር ቅርጽ ነው፣ በሐሊማ ጥናትም ግማሽ ገደማ የሚሆኑት ዶሮዎች ይህ ነበራቸው። ሌላው ሰፊና ነጠብጣባማ ሆኖ ወደ ኋላ የሚሾለው የጽጌረዳ ቅርጽ ነው። የመንደልን የውርስ ሕግ በእንስሳት ላይ ቀድመው ካሳዩት መካከል እንግሊዛዊው ዊልያም ቤትሰን የተጠቀሙት በዚሁ የዶሮ አናት ሥጋ ነው። አተሩና ጽጌረዳው ሲገናኙ ከሁለቱም የተለየ፣ የዋልነት ፍሬ የሚመስል ቅርጽ ይወለዳል። አጭሩ ድርብ ሥጋ ሙቀት ስለማያባክን ከ2500 ሜትር በላይ ለሆነው ለቦሩ ሜዳ ብርድ ይስማማል። አንገተ መላጣው ደግሞ የላባው መጠን ስለሚያንስ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ባለው በኮምቦልቻ ሙቀት ይሻለዋል። አንገቱ ላይ ከፊት በኩል ጥቂት ላባ የቀረለት መላጣ ዘረ መሉን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ነው፤ ከሁለቱም የወረሰው አንገቱ ጨርሶ ራቁት ይሆናል።

የቅልጥም ቢጫነት በዘርም በመኖም ይወሰናል። ቢጫ ቆዳ የወረሰች ዶሮ በቆሎና ለምለም ሣር ስታገኝ ቅልጥሟ ይደምቃል፤ እንቁላል በብዛት ስትጥል ደግሞ ቢጫው ቀስ በቀስ ይነጣል። ስለዚህ ቅልጥሟ የነጣባት እናት ዶሮ ታማሚ ነች ብሎ መተው ሁልጊዜ ትክክል አይደለም፤ ጎበዝ ጣይ ልትሆን ትችላለች።

መልክን የሚያውቅ አርቢ በመጀመሪያው ቀን ጾታን እስከ መለየት ይደርሳል። ቀይ ወይም ጥቁር አውራ ለሽንትር ገብስማ እናት ከተሰጠ፣ ሴት ጫጩቶቹ ከእናታቸው ሽንትሩን አይወርሱም፤ ወንዶቹ ሁሉ ይወርሳሉ። እናቲቱ ከጥቁር ዘር ከሆነች ወንዶቹ ሲፈለፈሉ ጥቁር ሆነው አናታቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይታያል፤ ነጠብጣብ የሌላቸው ሴቶች ናቸው። ቦቫንስ ብራውንን የመሰሉ የንግድ ጣዮች ጫጩት የሚለየው በተመሳሳይ ሕግ ነው፦ ወርቃማ አባትና ብርማ እናት ይገናኙና ቡናማዎቹ ጫጩቶች ሴት፣ የፈኩት ወንድ ይሆናሉ። ይህ የሚሠራው ግን በመጀመሪያው ትውልድ ብቻ ነው። የቦቫንስ እንቁላል አስታቅፎ ቦቫንስ አገኛለሁ የሚል ሰው ከወላጆቿ የተደባለቁ መልኮችን ያገኛል፤ ጫጩቶቹም በቀለም አይለዩለትም።

አመድማን ማርባት የሚፈልግም ሰው ሊያውቀው የሚገባ ሕግ አለ። አመድማ ከአመድማ ሲገናኝ ከአራት ጫጩት ሁለቱ አመድማ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨበት ነጭ ይሆናል፤ ምርጫው ለሃያ ትውልድ ቢቀጥልም ይህ ስሌት አይለወጥም። ግቢው በአመድማ ብቻ እንዲሞላ ከተፈለገ፣ ጥቁር እናቶችን ከአመድማዎች ለተወለደው፣ ነጠብጣብ ለተረጨበት ነጭ አውራ መስጠት ይበቃል፤ የሚፈለፈሉት ሁሉ አመድማ ይሆናሉ።